ያገለገለ ሚኒቫን ስትገዙ ምርመራውን ከኋላ ጀምሩ

ሦስተኛ ልጅ ሲወለድ ወይ እናትና አባት ከአገር ቤት ለስድስት ወር ሲመጡ ካምሪዋ ትጠባለች፣ ያኔ የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፣ «ሲዬና ግዛ በቃ»። ሲዬና፣ የቶዮታዋ ሚኒቫን፣ ጥሩ መኪና ናት አልክድም፣ ግን እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለው የኛ ሰው ስሟን ብቻ ሰምቶ ነው የሚገዛት፣ ሻጩም ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ ስለዚህ 180,000 ማይል የሄደች በሯ የማይዘጋ ሲዬና ከደህና የሆንዳ ኦዲሲ በላይ ዋጋ ይጠራባታል። ይሄን የምጽፈው በጀቱ ከ8,000 እስከ 20,000 ዶላር ለሆነ፣ ከዲለርም ከግለሰብም ለሚፈልግ ሰው ነው። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ሰዳን ስትገዙ ኮፈን ከፍታችሁ ሞተር ታያላችሁ፣ ልክ ነው። ሚኒቫን ላይ ግን ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከቀረው ነገር በላይ ዕድሜ አለው፣ ቶሎ የሚያልቀው ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ነው፦ ተንሸራታቹ በር፣ የኋላው ኤሲ፣ ሦስተኛው ረድፍ ወንበር፣ ቀበቶው፣ ከሥር ወደ ኋላ የሚሄደው ቧንቧ። ልጆች ናቸው የሚጠቀሙበት፣ ልጅ ደግሞ በር ቀስ ብሎ አይዘጋም። እነዚህን ማሠራት አንዳንዱ ብዙ መቶ ዶላር አንዳንዱ ከሺ በላይ ይበላል፣ ካርፋክስ (የመኪናውን ታሪክ የሚያሳየው ሪፖርት) ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጻፉም። ስለዚህ እኔ ሰው ይዤ መኪና ለማየት ስሄድ ሞተሩን መጨረሻ ነው የማየው።

መጀመሪያ ብሩን ጨርሱ

መኪና ማየት ሳትጀምሩ ክሬዲት ዩኒየን ሄዳችሁ ፕሪአፕሩቫል፣ ማለትም ይሄን ያህል እናበድራለን የሚል ወረቀት፣ አውጡ። እቁብ የደረሰው ሰው በካሽ ቢገዛ ከሁሉም ይሻላል፣ ካልሞላለትም ዳውን ፔይመንቱን ከፍ ያድርግ። ምክንያቱም ዲለር ቤት ገብታችሁ ገና ሳትቀመጡ የሚመጣው ጥያቄ «በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ?» ነው፣ ለዚህ ጥያቄ ቁጥር ከመለሳችሁ አለቀ፣ ወሩን እያስረዘመ የፈለጋችሁትን ቁጥር ይሰጣችኋል። በቁጥር ላሳያችሁ፦ 18,000 ዶላር በ9 ፐርሰንት ለ60 ወር ብትበደሩ በወር 374 ገደማ ትከፍላላችሁ፣ ጠቅላላ 22,400 አካባቢ ይሆናል። ያንኑ 18,000 በ14 ፐርሰንት ለ84 ወር ሲያደርገው ወርሃዊው 337 ይወርዳል፣ ደስ ይላል አይደል፣ ጠቅላላው ግን 28,300 ይደርሳል። በወር 37 ዶላር ቀነሰላችሁና ወደ 5,900 ዶላር ወሰደ። መኪናዋ ደግሞ እያረጀች ዕዳው ለረጅም ጊዜ ከዋጋዋ በላይ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

መልሳችሁ አንድ ይሁን፣ «አውት ዘ ዶር ስንት ነው?» ታክሱን፣ የታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን)፣ የወረቀት ሥራ የሚሉትን ክፍያ ሁሉ ደምሮ አንድ ቁጥር ይጻፍላችሁ፣ በቃል ሳይሆን በቴክስት ወይ በኢሜይል። ቨርጂኒያ ውስጥ የዲለር ፕሮሰሲንግ ፊ ገደብ የለውም፣ ብዙ ቦታ 800ም 900ም ይላሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ዋጋ እሱን አይጨምርም። የመኪና ሽያጭ ታክስ ቨርጂኒያ 4.15 ፐርሰንት ነው፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 6.5 ገብቷል። የቨርጂኒያ ሰው ደግሞ ካውንቲው ወይ ከተማው በየዓመቱ የሚያስከፍለውን የመኪና ታክስ አይርሳ፣ ከሜሪላንድ ወደ አሌክሳንድሪያ ወይ ፌርፋክስ የገባ ሰው መጀመሪያ ቢሉ ሲመጣለት ነው የሚደነግጠው። ኢንሹራንሱንም ከመግዛታችሁ በፊት ቪን ነምበሯን (የመኪናዋን መለያ ቁጥር) ሰጥታችሁ አስገምቱ፣ ከቤት ውስጥ ገና መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ካለ ያ ቁጥር ከመኪናው ክፍያ ሊበልጥ ይችላል፣ አልቀለድኩም።

የትኛዋን

ሲዬና ላይ በጀታችሁ ከ8,000 እስከ 20,000 ከሆነ የምታገኙት ከ2011 እስከ 2020 ያለችውን ነው፣ አብዛኛዋ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6። ታይሚንጓ በሰንሰለት ስለሆነ ቤልት መቀየር የለም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከ2017 ጀምሮ ሞተሩም ተሻሽሏል ካምቢዮውም ባለ 8 ማርሽ ሆኗል። ኦል ዊል ድራይቭ ያለው ሚኒቫን በዛን ጊዜ ሲዬና ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፣ በረዶ የሚፈራ ሰው እሱን ይፈልጋል፣ ግን አንድ የማይነገር ነገር አለው፦ ስፔር ጎማ የለውም፣ ራን ፍላት በሚባል፣ ተበስቶም ትንሽ በሚሄድ ጎማ ነው የሚሄደው፣ እሱ ጎማ ደግሞ ውድ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ድምፁም ብዙ ነው። አብዛኛው ባለቤት ተራ ጎማ አስገብቶ ስፔር ሳይኖረው ይነዳል። ለኛ አየር የፊት ጎማ የሚነዳው ይበቃል ባይ ነኝ።

ኦዲሲ ለመንዳት ከሲዬና ትሻላለች፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የልጅ ወንበር ለማሰርም ጎበዝ ናት። ሁለት ነገር ግን አለባት። አንደኛ ታይሚንግ ቤልት ነው፣ ወደ 100,000 ማይል ሲጠጋ ከዋተር ፓምፑ ጋር መቀየር አለበት፣ ከ1,000 ዶላር ወዲህም ወዲያም ይላል፣ ስለዚህ 105,000 ማይል ያላት ኦዲሲ ረሲት ከሌላት ያን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። «ተቀይሯል» የሚል ቃል ረሲት አይደለም። ሁለተኛ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ከሲሊንደሮቹ የተወሰኑትን የሚያጠፋ ሲስተም አላት፣ በተለይ ከ2011 እስከ 2013 ያሉት ላይ ዘይት መብላትና ካንዴላ ማቆሸሽ አምጥቷል። የዘይቱን መለኪያ ብረት ማውጣት አምስት ሰከንድ ነው፣ አውጡት። ከ1999 እስከ 2004 ያለች ኦዲሲ በ2,500 ዶላር ካገኛችሁ ደግሞ ሳታዩ እለፉ፣ ካምቢዮዋ በመበላሸት ስሙ የታወቀ ነው።

ክራይስለር ፓሲፊካ ከ2017 ወዲህ አለች፣ ሁለተኛው ወንበር ወለሉ ውስጥ ገብቶ የሚቀበር፣ ፍሪጅ ወይ ሶፋ ለሚጭን ሰው እንደሷ የለም፣ በተመሳሳይ ዓመትና ማይል ከሲዬና በብዙ ሺ ዶላር ትረክሳለች። የምትረክሰው በምክንያት ነው፣ ኤሌክትሪኳ ያስቸግራል፣ ግን ተመርምራ የተገዛች ፓሲፊካ ከተጎሳቆለች ሲዬና ትሻላለች የምለውን አልተውም። በሶኬት የሚሞላው ሃይብሪዱ የ2017 እና የ2018 ከሆነ ግን በ2022 በእሳት ምክንያት ሪኮል (የፋብሪካ የጥገና ጥሪ) ወጥቶበታል፣ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ውጭ አቁሙ እስከማለት ተደርሷል፣ ተሠርቶለት እንደሆነ በወረቀት ሳታዩ እንዳትነኩት። ኪያ ሴዶና መጥፎ አይደለችም። ኒሳን ክዌስት ላይ ሲቪቲ የሚባል፣ የተወሰነ ማርሽ የሌለው ካምቢዮ ስላለ እኔ አልመክርም።

በጀታችሁ ወደ 30,000ዎቹ ከወጣ ከ2021 ጀምሮ ያለችው ሲዬና ሃይብሪድ ብቻ ናት፣ በጋሎን ወደ 36 ማይል። የድሮዋ 21 አካባቢ ናት። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ልዩነቱ 300 ጋሎን ይጠጋል፣ ጋሎኑን በ3.20 ብናስብ ወደ 950 ዶላር። የሃይብሪድ ባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይ 150,000 ማይል ስለሆነ ለሁለተኛ ገዢም ይተርፋል። ብቻ ሁለተኛው ረድፍ ወንበር አይወጣም፣ ዕቃ ለመጫን ያሰባችሁ አስቡበት።

ከቤት ሳትወጡ

ቪን ነምበሩን ጠይቁ፣ ቪን የማይሰጥ ሻጭ ጋ ነዳጅ አታቃጥሉ። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኤንኤችቲኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ያልተሠራ ሪኮል ካለ በነፃ ይነግራችኋል። ከ2011 እስከ 2016 ያሉት ሲዬናዎች በኖቬምበር 2016 በተንሸራታች በሩ ምክንያት ተጠርተዋል፣ በሩ እየተነዳ ሊከፈት ይችላል ተብሎ፣ ከ2011 እስከ 2014 ያሉት ደግሞ የታካታ ኤርባግ ሪኮልም አለባቸው። ሪኮል በብራንዱ ዲለር በነፃ ነው የሚሠራው፣ ያለመሠራቱ ላለመግዛት ምክንያት አይደለም፣ ግን የቀድሞው ባለቤት መኪናውን እንዴት እንደያዘው ይነግራችኋል። የልጆች በር ያለ መኪና ላይ ነፃ የበር ጥገና ለዓመታት ያላሠራ ሰው ዘይቱን በሰዓቱ ቀይሯል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ካርፋክስ አውጡ፣ ኤንአይሲቢ የሚባለው ነፃ ቼክም አለ ለተሰረቀና በኢንሹራንስ ሳልቬጅ (ከጥቅም ውጪ) ለተባለ። ንጹህ ካርፋክስ ማለት ግን ያልተጋጨ ማለት አይደለም፣ ለኢንሹራንስም ለፖሊስም ሳይነገር በጎን የተሠራ ግጭት እዛ ላይ አይወጣም። እኔ ከአደጋው ይልቅ የማየው ታይትሉ ከየት ወዴት እንደዞረ ነው። ፍሎሪዳ፣ ሉዊዚያና ወይ ቴክሳስ የነበረች መኪና ከሃሪኬን በኋላ ባለው ጊዜ በኦክሽን ተሽጣ ሁለት ስቴት ዞራ እዚህ ከመጣች ጎርፍ ጠርጥሩ።

ለሻጩ ቴክስት ስታደርጉ አንድ ነገር ጨምሩ፣ «እባክህ እስክመጣ ሞተሩን አታስነሳው»። ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚሰማ ድምፅ አለ። ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አስቀምጡ፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ ለምን እንደሞቀ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

መኪናዋ ጋ ስትደርሱ

ቀን ሂዱ፣ በዝናብ አትሂዱ፣ የልጆቹን የመኪና ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። እውነቴን ነው፣ ሁሉንም ወንበር ይዛችሁ ሂዱና እሰሩት። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ልጅ 8 ዓመት እስኪሞላው በመሠረቱ በልጅ ወንበር ነው የሚሄደው፣ ሦስት ወንበር ታስሮ ሦስተኛው ረድፍ ጋ ሰው የሚያልፍበት ቀዳዳ የሚቀርና የማይቀር መሆኑን ሳትሞክሩ አታውቁትም። ሴትየዋ አያት ከኋላ መግባት ይችላሉ ወይ የሚለውም እዛው ይታያል። ስምንት ሰው ይጭናል የተባለው መሃለኛው ወንበር አዋቂ አይቀመጥበትም፣ ለትንሽ ልጅ ነው።

አሁን በሩ። መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ወይ ከላይ ጣሪያው ጋ የኤሌክትሪክ በሩን የሚያጠፋ ቁልፍ ፈልጉ፣ ጠፍቶ ከሆነ አብሩት። የተበላሸ በር ያለው ሻጭ እሱን አጥፍቶ «ይሄኛው ማንዋል ነው» ይላችኋል። ከዛ በሪሞት፣ በውስጡ ማዞሪያ፣ በውጩ እጀታ ሁለቱንም በር ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ አታፍሩ፣ አሥር ጊዜ ይሁን። ጆሯችሁን ስጡት። ጤነኛ በር አንድ ወጥ ድምፅ እያሰማ ሄዶ መጨረሻ ላይ ራሱን ስቦ ይቆለፋል። የታመመው መሃል ላይ ያቅማማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ሊዘጋ ደርሶ ይጮህና ተመልሶ ይከፈታል፣ ያ ማለት ገመዱ እየተበጣጠሰ ወይ መቆለፊያው እየሄደ ነው፣ አንድ በር ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን አጥፉና በእጅ ግፉት፣ ሳይንገጫገጭ መሄድ አለበት። ቁልቁለት ላይ አቁማችሁም ሞክሩ፣ ሜዳ ላይ የሚሠራ በር ቁልቁለት ላይ ያምጻል። ከታች ሐዲዱን እዩት፣ ሲሪያልና ሳንቲም ቢኖር ችግር የለም ይጸዳል፣ ዝገትና የተበላ ሮለር ግን አይጸዳም።

የቀኙን በር ከግራው ጋር አወዳድሩ። የቀኙ ከግራው በጣም ካረጀ፣ የቀኙ የሁለተኛው ረድፍ ወንበር ጠርዙ ከተበላ፣ መኪናዋ ኡበር ኤክስ ኤል ወይ ኤርፖርት ስትሠራ ነው የኖረችው ማለት ሊሆን ይችላል፣ ተሳፋሪ የሚገባው በእግረኛ መንገዱ በኩል ነዋ። የሠራች መኪና ሁሉ መጥፎ ናት አልልም፣ ሃይዌይ ላይ የተሠራ ማይል ከሰፈር ማይል ይሻላል እንዲያውም፣ ግን ዋጋዋ የቤተሰብ መኪና ዋጋ መሆን የለበትም።

ወደ ኋላ እንሂድ። የሻንጣውን በር ክፈቱና ልቀቁት፣ እንደተከፈተ ይቆማል ወይስ ቀስ እያለ ጭንቅላታችሁ ላይ ይመጣል? ሦስተኛውን ረድፍ ገመዱን ስባችሁ ወለሉ ውስጥ አስገቡት፣ መልሳችሁ አውጡት። ሲወጣ ያ ወንበሩ የሚገባበት ጉድጓድ ባዶ ይሆናል፣ የኔ ተወዳጅ ቦታ እሱ ነው፣ የሚኒቫን ምስጢር ሁሉ እዛ ነው ያለው። ምንጣፉን በጣታችሁ አንሱና አሽትቱ። ጎርፍ የገባባት መኪና ላይ ወንበሩን ያጥባሉ፣ ምንጣፉን ይቀይራሉ፣ ሽቶ ያርከፈክፋሉ፣ ያን ጉድጓድ ጥግ ላይ ያለውን ደቃቅ ጭቃ ግን ሁሉም አያወጣውም። ብሎኖቹ ዝገዋል? የሦስተኛው ረድፍ ቀበቶ እስከመጨረሻው ተስቦ ሲወጣ መሃል ላይ የውሃ ምልክት ወይ ሻጋታ አለ? ቀበቶ ማንም እስከመጨረሻው ስቦ አያጥብም። እዚህ ጋ ጎርፍ ካያችሁ አትከራከሩ፣ ዋጋም አታስቀንሱ፣ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ሂዱ።

አሁን ሞተሩን አስነሱ፣ ኤሲውን ክፈቱ፣ የፊቱን ዝቅ የኋላውን ከፍ አድርጉት፣ አንድ ሰው ሦስተኛው ረድፍ ይቀመጥ። ቀዝቃዛ ይመጣል? እሺ፣ ወደ ሙቀት ለውጡትና ጠብቁ። ሙቀቱን ማንም አይሞክርም በተለይ በበጋ። ከሞተሩ ወደ ኋላ ማሞቂያ ፈሳሽ የሚወስዱ ቧንቧዎች በመኪናው ሆድ ሥር ነው የሚያልፉት፣ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይበላቸዋል፣ ሲዬና ላይ በተለይ የታወቀ ነው። ሲያፈስ ባለቤቱ አማራጩ ቧንቧውን መቀየር ወይ ቆርጦ መዝጋት ነው፣ ቆርጦ መዝጋት ስለሚረክስ ብዙው እሱን ያደርጋል፣ የኋላው ሙቀት አይሠራም ማለት ነው። ተቆርጦ ሳይዘጋ እያፈሰ ካለ ደግሞ ይብሳል፣ አንድ ቀን 495 ሃይዌይ ላይ ፈሳሹ አልቆ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ጎንበስ ብላችሁ በስልክ መብራት እዩ፣ ከልብሳችሁ ይልቅ ለብራችሁ እዘኑ።

ጎማው ላይ ዶት ከሚለው መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ነው የሚያሳዩት፣ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። አራቱም የተለያየ ብራንድ ከሆነ ሰውየው ሲፈነዳ ብቻ ነው የሚቀይረው። መስኮት፣ መብራት፣ የኋላ ካሜራ፣ ራዲዮ፣ እነዚህን ሁሉ ነካ ነካ አድርጉ።

መንዳትና መካኒክ

ሰፈር ውስጥ ጉብታ ላይ አሳልፏት፣ ሽቅብ ከቆመችበት አስነሷት፣ ሃይዌይ አውጧት። 60 ማይል ላይ ራዲዮ ዝጉ፣ ሹክሹክታም አይኑር። ኡኡኡ የሚል ድምፅ መሪውን ትንሽ ሲያዞሩት ከተለወጠ ኩሺኔታ ነው። ፍሬን ሲይዙ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ነው፣ እሱ ትልቅ ነገር አይደለም። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ቢመታ ወይ ቢንሸራተት ግን ትልቅ ነገር ነው። ፓርኪንግ ውስጥ መሪውን እስከመጨረሻው አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ቀጭ ቀጭ የሚል ካለ የፊት ጎማ አክስሉ ነው። ተመልሳችሁ አቁሙና ሳትጠፋ ትንሽ ቆይታችሁ ሥሯን እዩ፣ የኤሲ ውሃ ይንጠባጠባል እሱ ጤና ነው፣ ቀለም ያለው ነገር ግን አይደለም።

ሃያ ሠላሳ ዶላር የምትሸጥ፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የምታነብ ኦቢዲ ስካነር ግዙ። ኮድ መኖሩን ብቻ ሳይሆን «ሬዲነስ» የሚለውን እዩ፣ አብዛኛው «ኖት ሬዲ» ካለ ማታ ቼክ ኢንጅን መብራቱን አጥፍተውት ነው ወይ ባትሪ ነቅለው ነበር። ንጹህ ዳሽቦርድ ያላት መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለችም። የሰሜን ቨርጂኒያ ሰው በየሁለት ዓመቱ የኢሚሽን (የጭስ) ምርመራ አለበት፣ ሜሪላንድም እንደዛው፣ ያ መብራት እዛ ጋ ነው ተመልሶ የሚመጣው።

ይሄን ሁሉ ካለፈች መካኒክ ጋ ውሰዷት፣ ከ100 እስከ 200 ዶላር ብትከፍሉ ነው። የራሳችሁ መካኒክ ይሁን፣ ሻጩ «የኔ ልጅ ያየዋል» የሚለው ሰው አይሁን። ክሪክ ላይ ሳትወጣ ያየ መካኒክ አላየም።

የኛ ሰው ሲሸጥላችሁ

ከፈረንጅ ስንገዛ ጎበዞች ነን፣ ከሐበሻ ስንገዛ ግን ይሉኝታ ይዞን ኮፈን እንኳ ሳንከፍት ብር እንቆጥራለን። ሰውየው ቡና ያፈላል፣ ልጆቹ ሰላም ይላሉ፣ ከዛ «ኧረ ወንድሜ፣ መካኒክ ምን ያደርግልሃል፣ እኔ እኮ የራሴን ቤተሰብ ነው የጫንኩባት» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ እሱም ቧንቧው መበላቱን ላያውቅ ይችላል። እዚህ ጋ የሚሠራው ባለቤት ላይ ማላከክ ነው፦ «እኔማ አምኜህ ነበር ወንድሜ፣ ባለቤቴ ግን መካኒክ ሳያያት ብር አላወጣም ብላ ምላለች»። ሴትም ብትሆኑ ባላችሁ ላይ አላክኩ፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል፣ ማንም አይቀየምም። ሻጩ ትልቅ ሰው ከሆኑ «ጋሼ አይቀየሙኝና እንደው ለልቤ ነው» ይበቃል። ከዚህ በኋላም መካኒክ እምቢ ያለ ሰው ምክንያት አለው።

ዋጋ ላይ በደፈናው «ትንሽ ቀንስልኝ» አትበሉ፣ ያገኛችሁትን ጥፋት አንድ በአንድ ከነዋጋው ተናገሩ፣ በሩ ይሄን ያህል፣ ጎማው ይሄን ያህል፣ ቤልቱ ይሄን ያህል። ዲለርም ቢሆን ለዝርዝር መልስ ያጣል።

ወረቀቱ

ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆን አለበት። «የጓደኛዬ ነው፣ እሱ ፈርሞ ሰጥቶኛል» ካለ በስሙ ሳያዞር የሚነግድ ሰው ነው፣ ነገ ዲኤምቪ ሲመልሳችሁ ስልክ አያነሳም። ሁለት ስም ካለበት ሁለቱም ይፈርሙ። ሊን፣ ማለት ያልተከፈለ የባንክ ዕዳ፣ ካለበት ባንኩ መልቀቁን የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ። ታይትሉ ላይ ያለው ቪን፣ የፊት መስታወቱ ሥር ያለውና የሾፌሩ በር ላይ ያለው ሦስቱም ይመሳሰሉ። ክፍያውን ባንክ ውስጥ አድርጉት፣ ለሁለታችሁም ይሻላል። «ታክስ እንዲቀንስልህ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚለውን እምቢ በሉ፣ ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ነገ ክስ ቢመጣ የተጻፈው ዋጋ ነው የሚነበበው።

ሜሪላንድ ታርጋ የምታወጡ ከሆነ ያገለገለ መኪና የሴፍቲ ኢንስፔክሽን ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፣ 90 ቀን ያላለፈው፣ ስለዚህ ከግለሰብ ስትገዙ ማን እንደሚያስመረምርና ጥገናውን ማን እንደሚችል ብር ሳይወጣ ተነጋገሩ፣ ጠቡ ሁሌ እዛ ላይ ነው። ታርጋው የሻጩ ነው፣ ነቅሎት ይሄዳል፣ ያለ ታርጋና ያለ ኢንሹራንስ ነድቶ መሄድ የለም፣ ቨርጂኒያም ከጁላይ 2024 ጀምሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት የሚባለውን አስቀርታለች።

ዲለር ጋ ከሆነ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ባየርስ ጋይድ አንብቡ፣ «አዝ ኢዝ» (እንዳለች፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ሳጥን ከተመረጠ ከበሩ ስትወጡ ሁሉም የናንተ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለው ወሬ ነው፣ ዲለሩ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ በቀር የለም። ፋይናንስ ክፍሉ ውስጥ የሚጨምሩላችሁን የጎማ ኢንሹራንስ፣ የቀለም መከላከያ ምናምን «አልፈልግም» ማለት ይቻላል፣ ሁለቴም ሦስቴም ቢጠይቁ።

ከገዛችሁ በኋላ

ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር አስቀሩ፣ ያለንን ሁሉ ከፍለን አንግዛ። መጀመሪያ ሳምንት የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የኤር ፊልተርና የካቢን ፊልተር ቀይሩ፣ ካቢን ፊልተሩን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ነው። ሪኮል ካለባት ዲለሩ ጋ ቀጠሮ ያዙ። አዲሱን የታርጋ ቁጥር ኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያ) አካውንታችሁ ላይ አስገቡ፣ ካላስገባችሁት ቅጣት በፖስታ ሊመጣ ይችላል። ኢዚ ፓሳችሁ ተራው ከሆነ ደግሞ ኢዚ ፓስ ፍሌክስ በሚባለው ቀይሩት፣ ሦስትና ከዛ በላይ ሰው ስትሆኑ ማብሪያውን ኤችኦቪ ላይ ካደረጋችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የ495፣ የ395፣ የ95 እና የ66 ኤክስፕረስ ሌን (የሚከፈልበት መስመር) ነፃ ነው፣ ሕፃኑም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል።